እምቢታ ስንት ይመዝናል?

ዴሞክራሲ ሲባል ቀድሞ ለዓይን የሚመጣው የምርጫ ኮሮጆ ነው። ኮሮጆ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ሕዝብ ገዢዎቹን መምረጡ አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ «ይህስ ይቅርብን» ሲል ነገሩ በእርግጥ መቅረቱ ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ ወይም የስዊዘርላንድ መንግሥት ምን ያህል ዴሞክራሲያዊ እንደሆነ መመዘን የሚፈልግ ሰው ከሁለተኛው ቢጀምር ይሻለዋል። ምርጫ ጭራሽ የማያካሂድ መንግሥት ዛሬ ጥቂት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው መለኪያ ብዙ አይለይም።

መለኪያው ለስሜን ተራሮች ግርጌም ያገለግላል። በደባርቅ አካባቢ፣ ከግጭ መንደር ብዙም በማትርቀው በአምባራስ በሚኖር ገበሬ ላይ የሚያርፈው ውሳኔ ከቀበሌ ይመጣል፣ ከወረዳ ይመጣል፣ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ይመጣል። ስለሚኖርበት ተራራ ከተወሰኑት ትልልቅ ውሳኔዎች አንዳንዶቹ ደግሞ የተወሰኑት በዋሽንግተን፣ በሜክሲኮና በፖላንድ በተቀመጡ ስብሰባዎች ነው። ያ ገበሬ በየትኛው ደረጃ «አይሆንም» ማለት ይችላል የሚለው ጥያቄ፣ ለለንደኑም ለፓሪሱም ነዋሪ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

የምዕራቡ ዴሞክራሲ እንደሚወራለት ያረጀ አይደለም። በእንግሊዝ በ1832 (በውጭ አገሮች ጉዳይ ላይ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዝነኛው የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ከወጣ በኋላ እንኳ መምረጥ የሚችለው ከአዋቂ ወንዶች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ነበር። የእንግሊዝ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመረጡት ከ1928 ጀምሮ ነው። የፈረንሳይ ሴቶች መብቱን ያገኙት በ1944 ነው። በአሜሪካ ደቡብ የሚኖሩ ጥቁሮች በወረቀት የነበራቸውን መብት በተግባር መጠቀም የቻሉት በ1965 በወጣው የምርጫ መብት ሕግ ነው። የቀጥተኛ ዴሞክራሲ ምሳሌ ሆና የምትጠቀሰው ስዊዘርላንድ ለሴቶች በፌዴራል ደረጃ ድምፅ የሰጠችው በ1971 ሲሆን፣ አፔንዜል ኢነርሮደን የተባለው ትንሽ ካንቶን እስከ 1990 ድረስ አሻፈረኝ ብሎ ቆይቶ በፍርድ ቤት ተገድዶ ነው የፈቀደው።

ከዚህ ጎን የኢትዮጵያን ታሪክ ማስቀመጥ ያስገርማል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያውን ደግሞ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጣሉ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን የመምሪያውን ምክር ቤት በሕዝብ ምርጫ እንዲሞላ አደረገ፤ ሴቶችም መረጡ፣ ተመረጡም። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተካሄደው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ምክር ቤት ገቡ፣ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ወይዘሮ ስንዱ በወጣትነታቸው የተማሩት በስዊዘርላንድ ነበር። እሳቸው በአገራቸው የሕዝብ እንደራሴ ሲሆኑ፣ አብረዋቸው የተማሩት የስዊስ ሴቶች የፌዴራል ድምፅ ለማግኘት ገና ከአሥር ዓመት በላይ ይቀራቸው ነበር።

ይሁንና ያ የኢትዮጵያ ምክር ቤት የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረውም። ለመመረጥ ንብረት ማስመዝገብ ያስፈልግ ነበር፤ የመጨረሻው ቃልም የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ድምፅ ነበረ፣ እምቢታ አልነበረም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ያኔ ገና የአገር ሕግ ያህል ይሠራ ነበር። የዛሬው ዘመናዊ መንግሥት ከዚህ አባባል ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ለማለትም ያስቸግራል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2024 በሰጠው ውሳኔ አንድ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ እምብርት ውስጥ ለሚፈጽመው ተግባር በወንጀል እንደማይከሰስ፣ ለሌላው የሥራ ተግባሩም ቢያንስ ያለመከሰስ ግምት እንደሚኖረው ደንግጓል።

ድምፅ ወደ ወንበር የሚለወጥበት መንገድ ቀላል የሚመስል ግን ብዙ የሚወስን ጉዳይ ነው። እንግሊዝ፣ አሜሪካና ኢትዮጵያ በዚህ ዘመዳሞች ናቸው፤ በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ አንድ ድምፅ የበለጠ ያገኘ ያሸንፋል፣ ለተሸነፉት የተሰጠው ድምፅ ሁሉ ወንበር ሳያመጣ ይቀራል። በሐምሌ 2024 በተደረገው የእንግሊዝ ምርጫ የሌበር ፓርቲ ከተሰጠው ድምፅ 33.7 በመቶ አግኝቶ ከ650 ወንበሮች 411ዱን ወሰደ፤ ሲሶ ድምፅ ከስድሳ በመቶ በላይ ወንበር ሆነ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14.3 በመቶ አግኝቶ አምስት ወንበር ብቻ ሲደርሰው፣ ከእሱ ያነሰ 12.2 በመቶ ያገኙት ሊበራል ዴሞክራቶች ደጋፊዎቻቸው በተወሰኑ አካባቢዎች ስለተሰባሰቡ 72 ወንበር አገኙ። ይህን ስሌት ለአንድ ተራ መራጭ አስረድቶ ማሳመን ቀላል አይደለም። በአሜሪካም በ2000 እና በ2016 ከተቀናቃኛቸው ያነሰ ድምፅ ያገኙ እጩዎች ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ከ600 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት ዋዮሚንግና 39 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያ በሴኔቱ እኩል ሁለት ሁለት መቀመጫ አላቸው።

ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ይህንኑ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት መረጠች። በግንቦት 1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547 ወንበሮች ከ170 በላይ አገኙ፤ ቅንጅት በአዲስ አበባ ያሉትን 23 ወንበሮች አንድም ሳያስቀር ወሰደ። ቀጥሎ የመጣው ውዝግብ ደም አፈሰሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወንበር ያዙ፤ በ2007 ደግሞ 547ቱንም። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን አሸነፈ፤ አብን አምስት፣ ኢዜማ አራት አገኙ። እነዚህን ቁጥሮች በምርጫው ሥርዓት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ተቃዋሚ ፓርቲ ሆኖ መሥራት ምን ያህል ያስከፍላል፣ መገናኛ ብዙኃኑ የማን ነው፣ ታዛቢ የት ይደርሳል የሚሉት ጥያቄዎች ከስሌቱ ይቀድማሉ። ሆኖም አብላጫውን ጠቅላላ የሚያደርግ ሥርዓት ከዚህ ሁሉ ጋር ሲደመር ለተሸናፊው የሚተርፈው የለም። ኒውዚላንድ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት በሕዝበ ውሳኔ ሥርዓቷን ቀይራ ከ1996 ጀምሮ ወንበርን ከፓርቲው ድምፅ ጋር የሚያመጣጥን ዘዴ ትጠቀማለች። ሥርዓቱ የማይነካ ነገር አለመሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ጭራሽ ተወካይ የሌለበት ቦታም በምዕራቡ መሐል አለ፤ እሱም ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ከተማ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ የሚገኘው በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ነው። ዲሲ 700 ሺህ ያህል ሕዝብ አላት፤ ከዋዮሚንግም ከቬርሞንትም ትበልጣለች። ነዋሪዎቿ የፌዴራል ግብር ይከፍላሉ፣ ለጦርነት ተመልምለዋል፤ በሴኔቱ ግን አንድም ወንበር የላቸውም። በታችኛው ምክር ቤት ያላቸው ልዑክ በኮሚቴ ይናገራል እንጂ በሙሉው ጉባኤ የመጨረሻ ድምፅ አይሰጥም። ለፕሬዚዳንት መምረጥ የቻሉትም በ1961 በጸደቀ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በከተማይቱ መኪኖች ታርጋ ላይ ከ2000 ጀምሮ «ያለ ውክልና ግብር» የሚል ቅሬታ ተጽፎ ይሄዳል። ከስሜን ሄዶ እዚያ ዜግነት ያገኘ ሰው ለዓለም ዴሞክራሲን ልታስተምር በምትሞክር አገር ዋና ከተማ ውስጥ እየኖረ፣ ሕግ ለሚያወጣው ሴኔት የሚመርጠው ሰው የለውም።

መሪውን ማን ይመርጣል የሚለውም እንዲሁ ነው። በፓርላማ ሥርዓት ጠቅላይ ሚኒስትር በሕዝብ ቀጥታ አይመረጥም፤ በመሐል ሲቀየርም መራጩ አይጠየቅም። በእንግሊዝ ከ2016 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት አራት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያለ አጠቃላይ ምርጫ በፓርቲያቸው በር ገብተዋል። ሊዝ ትረስ በ2022 ሲመረጡ ድምፅ መስጠት የሚችሉት 172 ሺህ ገደማ የፓርቲ አባላት ብቻ ነበሩ፤ ሃምሳ ቀን ሳይሞሉ ሲወርዱ የተኳቸው ሪሺ ሱናክ የፓርቲው አባላት ድምፅ እንኳ አልተሰጠባቸውም። በኢትዮጵያ በ2004 አቶ መለስ ዜናዊ ሲያርፉ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ እሳቸው በ2010 ሲለቁ ደግሞ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ የተተኩበት መንገድ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ የኋለኛውን የመረጠው 180 አባላት ያሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነበር። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። የሱናክ መንግሥት በ2024 ተሸንፎ በማግስቱ ቤቱን ለቀቀ፤ ተሸናፊው ያለ ጠብመንጃ የሚወጣበት ልማድ የምዕራቡ ዴሞክራሲ ትልቁ ሀብት ነው። አሜሪካ በጥር 2021 ይህንኑ ልማድ ልታጣው ተቃርባ ነበር።

የሕዝብ እምቢታ በግልጽ ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ ግን የታለፈባቸው ጊዜያትም በምዕራቡ አሉ። በግንቦት 2005 ፈረንሳውያን ለአውሮፓ ኅብረት የተረቀቀውን ሕገ መንግሥት 55 በመቶ ያህል ሆነው አንቀበልም አሉ፤ ከቀናት በኋላ ደቾች ከ61 በመቶ በላይ ሆነው ደገሙት። አብዛኛው ይዘቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የሊዝበን ስምምነት ሆኖ ተመለሰ፤ በሁለቱም አገሮች የጸደቀው በፓርላማ እንጂ በሕዝበ ውሳኔ አልነበረም። በሐምሌ 2015 ግሪካውያን የአበዳሪዎቻቸውን ቅድመ ሁኔታ 61 በመቶ ሆነው እምቢ አሉ፤ መንግሥታቸው በሳምንቱ ጠንከር ያለ ስምምነት ተቀበለ። በ2023 የፈረንሳይ መንግሥት የጡረታን ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ከፍ የሚያደርገውን ሕግ ያሳለፈው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ተጠቅሞ የምክር ቤቱን የመጨረሻ ድምፅ ሳይጠብቅ ነው። ሁሉም ሕጋዊ ነበር። ሕጋዊ መሆኑ ግን ያን ቀን አደባባይ ለወጣው ሰው ብዙም አላጽናናውም።

የአውሮፓ ኅብረት ራሱ አባላቱን በየቤታቸው ዴሞክራሲያዊ መሆናቸውን እየጠየቀ በራሱ ላይ የሚያሳየው ጉድለት የታወቀ ነው፤ ሕግ የማቅረብ ሥልጣን ያለው በሕዝብ ቀጥታ ያልተመረጠው ኮሚሽን ሲሆን፣ ከ1979 ጀምሮ በሕዝብ የሚመረጠው ፓርላማ የቀረበለትን ያሻሽላል ወይም ይጥላል እንጂ በራሱ አያመነጭም። በአሜሪካ ደግሞ የገንዘብ ኃይል አለ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኩባንያዎችና ማኅበራት ለምርጫ ቅስቀሳ የሚያወጡትን ገንዘብ የሚገድበውን ሕግ አፈረሰ። ማርቲን ጊለንስና ቤንጃሚን ፔጅ የተባሉ ምሁራን ወደ 1,800 የሚጠጉ የፖሊሲ ጥያቄዎችን መርምረው በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ባለጸጎችና የተደራጁ የንግድ ቡድኖች የሚፈልጉት በመንግሥት ውሳኔ ላይ ጉልህ ተጽዕኖ ሲኖረው የመካከለኛው ዜጋ ፍላጎት ራሱን ችሎ እዚህ ግባ የሚባል ተጽዕኖ እንደሌለው ደመደሙ። ሌሎች ተመራማሪዎች ባለጸጋውና መካከለኛው በአብዛኛው ጥያቄ አንድ ሐሳብ ስለሆኑ ድምዳሜው ተጋኗል ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ አልተዘጋም።

ስሜን በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገባው በተራራዎቹ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው በ1962 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የፓርኩ ኃላፊ ክላይቭ ኒኮል የተባለ የዌልስ ተወላጅ ነበር፤ ዋልያን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት፣ በ1960ዎቹ አጋማሽም ፓርኩን ያስተዳደሩት ደግሞ የስዊስ ተመራማሪዎች ናቸው። ፓርኩ የተከለለበት መሬት ባዶ አልነበረም፤ ገብስ ይዘራበት፣ በግ ይሰማራበት፣ ቤተ ክርስቲያንም ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዋጁ የአካባቢውን ሰው ፈቃድ አልጠየቁም፤ ሊጠይቁም የሚያስገድዳቸው አልነበረም። የደርግ መንግሥት በ1969 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ስምምነቱን ተቀበለ። በ1970 ዓ.ም. ጳጉሜን፣ የቅርስ ኮሚቴው ዋሽንግተን ላይ ተሰብስቦ ስሜንን ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች መካከል አደረገው። ነዋሪዎቿ ሴናተር የሌላቸው ከተማ የስሜንን ተራራ የዓለም ሀብት ያለችበት ቀን ነበር ማለት ነው። በደርግ ዘመን ከተራራው ሰሜናዊ ግርጌ ያሉ መንደሮች በግድ ተነሱ።

በ1989 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሜሪዳ የተሰበሰበው ኮሚቴ፣ የዋልያ ቁጥር መቀነሱን፣ በፓርኩ ውስጥና ዳር የሰው ብዛት መጨመሩንና መንገድ መሠራቱን ምክንያት አድርጎ ስሜንን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከዝርዝሩ የወጣው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2009 ዓ.ም. በፖላንድ ክራኮው ነው። ኮሚቴው ሃያ አንድ መንግሥታት የሚወከሉበት ነው፤ ወንበሩን የሚይዙት መንግሥታት ናቸው፣ የሚወስኑት ግን በየመንደሩ ስላለ ግጦሽ ጭምር ነው። እዚህ ላይ የአምባራስ ሰው ከግሪኩ መራጭ በታች ነው የሚገኘው፤ የሚሻር ድምፅ እንኳ አልተሰጠውም።

ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ በፓርኩ እምብርት የነበረችው ግጭ መነሳቷ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ከግጭ ተነስተው በደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ፤ ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። ዝውውሩ በፈቃደኝነት የተደረገ ተብሎ ተመዝግቧል። ገብስ ሲያርስና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ግን በአንድ ጊዜ የከተማ ነዋሪ ሆነ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በዚህ ዓይነት ጉዳይ ዝም አይልም። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 በአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክቶች ላይ ተመሳሳይ ይላል፤ አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ለተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ ይደነግጋል። ሦስቱ አንቀጾች የሚሰጡት መጠየቅንና ካሳን ነው። ተጠይቆ «አይሆንም» ያለ ሰው ምን ይሆናል የሚለውን አይመልሱም።

ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የሚገኘው በዚያው ጊዜ አካባቢ በስዊዘርላንድ ተራሮች ነው። ስዊዘርላንድ ያላት ብሔራዊ ፓርክ አንድ ብቻ ነው፤ በ1914 የተቋቋመ። በቲቺኖና በግራውቡንደን ካንቶኖች አዱላ የተባለ ሁለተኛ ፓርክ ለማቋቋም ለዓመታት ሲዘጋጅ ቆይቶ፣ በኅዳር 2016 መሬቱ የሚገኝባቸው 17 ቀበሌ መሰል አስተዳደሮች ለየብቻቸው ድምፅ ሰጡበት። እቅዱ እንዲጸድቅ 13ቱ መስማማት ነበረባቸው፤ ዘጠኙ ተስማሙ፣ ስምንቱ እምቢ አሉ። ፓርኩ ቀረ። በ2018 በሎካርኖ አካባቢ የታቀደ ሌላ ፓርክም በስድስት አስተዳደሮች እምቢታ ቀረ። የአካባቢው እረኞችና አዳኞች የፈሩት የፓርኩ ሕግ የግጦሽና የአደን ልማዳቸውን እንዳይቀማ ነበር፤ ፍርሃታቸው ትክክል ይሁን ስህተት፣ ተቆጥሮ ወሳኝ ሆነ። የስሜንን ዋልያ ያጠኑት ምሁራን አገር፣ በራሷ ተራራ ላይ፣ ለእረኛዋ ይህን ሰጠችው።

ይህ ማለት ምዕራቡ ሁሉ ስዊዘርላንድ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ ዮሴሚቲ ፓርክ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው የአገሬው ተወላጆች መንደር የፈረሰው በ1969 ነው፤ የስሜን ፓርክ በታወጀበት ዓመት መሆኑ ነው። ስዊዘርላንድም እንከን አላት። በምድሯ ከሚኖረው ሕዝብ ሩብ ያህሉ የውጭ ዜጋ ስለሆነ በፌዴራል ሕዝበ ውሳኔ አይሳተፍም። በየሦስት ወሩ ከሚጠራው መራጭም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከግማሽ በታች ነው፤ አዘውትሮ መጠየቅ ራሱ ያሰለቻል። የሴቶችን መብት እስከ 1971 ያዘገየውም ይኸው «የሕዝብ ውሳኔ» ነበር፤ እምቢታው የወንዶች ብቻ ስለነበረ።

ግላሩስና አፔንዜል ኢነርሮደን በሚባሉት ካንቶኖች ዛሬም ሕዝቡ በዓመት አንድ ቀን አደባባይ ወጥቶ እጅ በማውጣት ሕግ ይወስናል። እጅ ማውጣት ለኢትዮጵያ ገበሬም እንግዳ አይደለም፤ የቀበሌ ስብሰባ የሚያልቀው በእጅ ነው። ልዩነቱ ከስብሰባው በኋላ ባለው ቀን ነው። የገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ ለአንዳንዱም የሴፍቲኔት እህሉ የሚያልፈው በቀበሌ በኩል ነው። ግላሩስ ላይ ለብቻው እጁን አውጥቶ የተቃወመ ሰው ግን በማግስቱ የሚጠብቀው የመንግሥት ማዳበሪያ የለም። ሁለቱም እጅ ያወጣሉ፤ የእጃቸው ዋጋ አንድ አይደለም።

የአካባቢ አስተዳደር ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ለታችኛው የአስተዳደር እርከን ሕዝቡ በቀጥታ የሚሳተፍበት በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ብሎ በአገሪቱ 3.6 ሚሊዮን ያህል ወንበር ቀረበ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። ቀጣዩ በሚያዝያ 2005 ተደረገ። በ2010 ሊካሄድ የነበረው ግን ተራዘመ። በሌላ በኩል በዚያው ጊዜ አካባቢ ሰሜን ጎንደር ዞን ሲከፈል ደባርቅ የዞን ዋና ከተማ ሆነች፤ ከዚያ በፊት የዞን ጉዳይ ያለው ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ይሄድ ነበር። ቢሮ ቀረበ፤ ቢሮው የሚጠየቅበት ምርጫ ግን አልቀረበም። በዚህ ረገድ ከምዕራቡ በተለይ ፈረንሳይ ትጠቀሳለች፤ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ አስተዳደሮቿ፣ ጥቂት መቶ ሰው ያላቸው መንደሮች እንኳ፣ የራሳቸው የተመረጠ ከንቲባ አላቸው። እንግሊዝ ግን ብዙ ነገር ከለንደን የሚወሰንባት አገር ሆና ቆይታለች።

የአደጋ ጊዜ ሥልጣን በሁለቱም ዓለም የእምቢታ ትልቁ ፈተና ነው። ፈረንሳይ ከኅዳር 2015ቱ የፓሪስ ጥቃት ጀምሮ እስከ ኅዳር 2017 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቆየች፤ ሲነሳም ከሥልጣኖቹ በርካታዎቹ ወደ መደበኛ ሕግ ገቡ። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አንዴ ተራዝሞ እስከ ግንቦት 2016 መጨረሻ ቆየ። ሁለቱም በምክር ቤት ጸደቁ። የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ዳኝነት ምክር ቤት አዋጁ በሥራ ላይ እያለ የተወሰኑ ድንጋጌዎችን ሽሯል፤ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ እሱም ከክልል ምክር ቤቶች በሚላኩ ሰዎች የተሞላ የፖለቲካ አካል ነው።

በመጨረሻ ተወካይን ከመሐል ማንሳት አለ። በዚህ ነጥብ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከብዙ የምዕራብ ሕጎች ይልቅ ደፋር ነው፤ አንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ሲያጣ የመረጠውን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይናገራል፣ አንቀጽ 54ም ይደግመዋል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለኮንግሬስ አባላት እንዲህ ዓይነት መንገድ የለውም። እንግሊዝ በ2015 ባወጣችው ሕግ ከምርጫ ክልሉ መራጭ አሥር በመቶው በስድስት ሳምንት ውስጥ ከፈረመ የምክር ቤቱ አባል ወንበሩን ያጣል፤ ነገር ግን የፊርማው ሂደት የሚከፈተው አባሉ በወንጀል ሲፈረድበት ወይም ከምክር ቤቱ ሲታገድ ነው፣ መራጩን ስላስቀየመ ብቻ አይከፈትም። ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ካሊፎርኒያ ሰፊ በር ትከፍታለች፤ ባለፈው የአገረ ገዢ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 12 በመቶ የሚያህል ፊርማ ከተሰበሰበ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምርጫ ይጠራል። በ2003 ግሬይ ዴቪስ በዚህ መንገድ ተነሱ፤ በ2021 ግን ጋቪን ኒውሰም ከመራጩ 62 በመቶ ገደማ ይቆዩ ስላለ ቆዩ። የኢትዮጵያው ድንጋጌ ምክንያቱን አመኔታ ማጣት ብሎ ሰፋ አድርጎ ይተወዋል፤ ስንት ፊርማ ያስፈልጋል፣ ማንስ ይቆጥራል የሚለውን ራሱ ሳይመልስ ለሌላ ሕግ አሳልፎ ይሰጣል።